ወለሉ የጠጣው ፕራይመር

እስጢፋኖስ የሚለው ይህ ነው። ወለሉ ስድሳ ካሬ ሜትር ነው። ጀሪካኑ ላይ አንድ ሊትር ፕራይመር ስምንት ካሬ ሜትር ይሸፍናል ተብሎ ተጽፏል፤ እሱ ግን ወለሉ አሮጌ ሊሾ ስለሆነ አምስት ብቻ ይሸፍናል ብሎ ያዘ። አንድ ጊዜ ለመቀባት ዐሥራ ሁለት ሊትር፣ ሁለት ጊዜ ለመቀባት ሃያ አራት። የሚፈሰውንና ሮለሩ ይዞት የሚቀረውን አስቦ ሠላሳ አደረገው። ባለ ዐሥር ሊትር ሦስት ጀሪካን አስመጥቶ፣ ክዳናቸው ሳይከፈት ለዋኘው አስረከበ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲመጣ ጀሪካኖቹ ባዶ ናቸው፤ የተቀባው ግን የክፍሉ ግማሽ ብቻ ነው። ሂሳቡ አልተሳሳተም። ስለዚህ ፕራይመሩ በበር ወጥቷል።

ዋኘው የሚለው ደግሞ ይህ ነው። ከሦስቱ ጀሪካን አንዲት ጠብታ ከግቢው አልወጣችም። ከኋለኛው ግድግዳ ጀምሮ የክፍሉን ግማሽ ሁለት ጊዜ ቀባ። በማግስቱ ሲመጣ የቀባው የለም፤ ውሃ ጠብ ቢያደርግበት ወለሉ ምንም እንዳልነካው ሁሉ ወዲያው ይመጥጠዋል። እንደገና ሁለት ጊዜ ቀባ። በማግስቱ ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር ጀሪካኑ አለቀ። ሰው አልወሰደውም፤ ወለሉ ጠጣው።

ሁለቱን የሚሰማ ሰው የመጀመሪያውን ማመን ይቀለዋል። ቁጥር አለበት፤ የተናገረውም መሐንዲስ ነው። እስጢፋኖስ የእኅቴ የመንበረ ባል ነው፤ በቤታችን ውስጥ ሐሰት ሲናገር የሰማው የለም። ዋኘው ድብ ባሕር ከሚባል አገር የመጣ ልጅ ነው። አባቴ አቶ መለሰ ግንበኛ በነበረበት ጊዜ እጁን ይዞ ያስተማረው ነው፤ አሁን ወለልና ግድግዳ እያስተካከለ ያድራል። እሱም ሲዋሽ አልሰማሁም። ችግሬ ይኸው ነበር።

ክፍሉ ማራኪ ሰፈር ካለው ቤታችን ምድር ቤት ነው። ድሮ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራዩ አራት ክፍሎች ነበሩ። መንበረ ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ እግራቸውን ያጡ ሰዎች በሰው ሠራሽ እግር መራመድ የሚለማመዱበት ቦታ ልትከፍት ፈልጋ ግድግዳዎቹን አስፈረሰች። ወለሉ ግን ተዳፋት ነው። ሊሾውን የሠራው አባቴ ራሱ ነው፤ ሲታጠብ ውሃው በኋለኛው ግድግዳ ሥር ባለች ቀዳዳ ወደ ጓሮ እንዲወጣ ብሎ ወደዚያ አዘንብሎታል። እስጢፋኖስ ውሃ ልኩን ሲያስቀምጥበት አባቴ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

«ጠማማ አይደለም» አለው። «ሆን ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ አባባ። ለሰው ሠራሽ እግር ግን ያስቸግራል።»

ስለዚህ ተዳፋቱን የሚደለድል ማስተካከያ፣ ፈሳሽ ሲሚንቶ፣ በላዩ ሊፈስስ ሆነ። ማስተካከያ ደግሞ አሮጌ ሊሾ ላይ እንዲሁ ቢያፈሱት አይይዝም፤ ሲደርቅ እንደ ቂጣ ይነሳል። መጀመሪያ ፕራይመር ይቀባል። ወተት የመሰለ ነገር ነው፤ ሲደርቅ መልኩ ይጠፋና ወለሉን ይዘጋዋል። ሥራው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነበር።

እስጢፋኖስ ባዶዎቹን ጀሪካኖች ያየ ዕለት ተናዶ ፒያሳ ወረደ። ሥራ ፈላጊዎቹ ከሚቆሙበት ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫው ደጃፍ ዋኘውን ዕቃ ሊገዛ ሲመጣ አገኘው። እኔም አብሬው ነበርሁ።

«ፕራይመሩ የት ገባ?» አለው።

«ወለሉ ጠጣው።»

«ሠላሳ ሊትር?»

«ጠጣው ነው የምልህ።»

«ብቻውን ጠጣው ወይስ ተካፈላችሁ?»

የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ዋኘው አልሳቀም። ሲበሳጭ አንገቱ ላይ የሚቆም ሥር አለው፤ እሱን አየሁ። እስጢፋኖስ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል ብዬ አሰብሁ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ነገር በሰው ፊት አይባልም። በመንገድ ላይ ይህን ነገርኩት። «አንተ ደግሞ ዳኛ» አለኝ፤ መንበረ ሁልጊዜ የምትለኝን።

ሳምንት ሳይሞላ ቃሉ ከተማውን ዞረ። ሥራ ቦታ ላይ መዶሻ ከጠፋ «ወለሉ ጠጣው» ይባባላሉ። የባጃጅ ሾፌር መልስ የለኝም ለማለት «ወለሉ ጠጣው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ፤ ከየት እንደመጣ እንኳ አያውቅም። ዋኘው ጠዋት ጠዋት አንድ ሆቴል ውስጥ ሴራሚክ ያነጥፍ ነበር፤ ለዚህ ነው እኛ ዘንድ ከምሳ በኋላ ብቻ ይመጣ የነበረው። የሆቴሉ አሠሪ ከእንግዲህ እንዳትመጣ አለው። ምክንያቱን ሲጠይቀው «ዕቃ ያለበት ቦታ ነው» አለው።

ዋኘው ሽማግሌ ጠየቀ። እስጢፋኖስም እሺ አለ። ሦስት ሽማግሌ ይቀመጥ ተባለ፤ እስጢፋኖስ አንድ መረጠ፣ ሰበካው አንድ ሰጠ። ዋኘው የመረጠውን ሲነግረኝ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም።

«አያ መለሰን ነው የምለው» አለኝ።

«ዋኘው፣ የእስጢፋኖስ አማት ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ግንበኛም ነው። ወለሉን ያውቀዋል፣ እኔንም ያውቀኛል። ሌላ ማን አለኝ?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ ግቢ ከወይራ ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ቆም ቆም እያለ ይሰማ ነበር፤ ከእነዚያ ከፒያሳዎቹም ጥቂቶቹ መጥተዋል። ሁለቱም ቃላቸውን ሰጡ፤ ከላይ እንደጻፍሁት ነው። ከዚያ የሰበካው ሽማግሌ ወደ አባቴ ዞረ።

«አቶ መለሰ፣ እርስዎ የሙያው ሰው ነዎት። ይህን ያህል የሚጠጣ ወለል አለ?»

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። «ያንን ሊሾ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «የእኔ ሊሾ እንዲህ አይጠጣም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዋኘው አባቴን አየው። አየው ብቻ ነው፤ ቁጣም አልነበረበትም፤ አባቴ በስህተት የሌላ ሰው ስም ጠርቶ እንደሆነ ሁሉ፣ እስኪያርመው ይጠብቅ ነበር።

«አያ መለሰ» አለ በመጨረሻ፣ «ከሰዓት የቀባሁትን በማግስቱ ከምሳ በኋላ ስመጣ አጣዋለሁ። ሮለሩን እርስዎ ፊት ይዤ አላውቅም? ቀቢ የቀባውን አያውቅም?»

«ጠዋት አታየውም?» አለ አባቴ።

«ጠዋት ሌላ ሥራ ነበረኝ።»

አባቴ ዓይኑን ከዋኘው ላይ አንስቶ ወደ ወይራው ግንድ ዞረ፤ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተያዩ። ከዚያ በድንገት፣ ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቅ፣ ስለ እርቅ መናገር ጀመረ። ዕቃ ይተካል፣ ሰው ግን አይተካም አለ። ልጁ ወጣት ነው፣ ቢሳሳትም ይታለፋል አለ። እስጢፋኖስ ይቅር ይበል፣ ዋኘውም ቂም አይያዝ፣ ነገሩ እዚህ ይቅር አለ። «ቢሳሳትም» የምትለዋን ቃል ሁሉም ሰማት። ሌላው ንግግር እሷን ለመሸፈን የተጨመረ መሰለኝ።

«አልተሳሳትሁም» አለ ዋኘው።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ የምለምንህ» አለው አባቴ።

ዋኘው ለረዥም ጊዜ መሬት መሬት አየ። ከዚያ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። እስጢፋኖስም አለ። ተሳሳሙ። እርቅ ወረደ። እንደዚያ በሽማግሌ ፊት የወረደ እርቅ አይነካም፤ የሚያፈርሰውን ሰው እድሩም ሰበካውም በክፉ ዓይን ነው የሚያየው። የተበደለው ሰው ቢያፈርሰው እንኳ በዳዩ እሱ ይሆናል።

እኔን ግን አላሳረፈኝም። የተጠየቀው ሳይመለስ የወረደ እርቅ ነበር፤ ፕራይመሩ የት እንደገባ ያወቀ የለም። ሰዎቹ ሲበተኑ አንዱ ሌላውን «አየህ፣ ይቅር ተባለ፤ ወስዶታል ማለት ነው» ሲለው ሰምቻለሁ። ይቅርታው ለዋኘው ከክሱ ይልቅ ከፋ።

ስለዚህ ራሴ ልሞክር አልሁ። ትንሽ ፕራይመር ገዝቼ ዋኘው ቀብቶት ከነበረው ግማሽ ላይ፣ ከኋለኛው ግድግዳ አጠገብ አንድ መሥመር ሁለት ጊዜ ቀባሁ። እንደሱ ከሰዓት ቀባሁ፤ እንደሱ በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሄድሁ። ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ጠብታዋ ቆመች። እንደ ዶቃ ክብ ሆና፣ ምንም ሳትሰርግ፣ እዚያው ተቀመጠች። ከመሥመሩ ውጭ ያለው ደረቅ ሊሾ ግን መጠጠ።

ወለሉ ፕራይመር አይጠጣም ማለት ነው።

ያን ጊዜ በዋኘው ላይ ተናደድሁ፤ ለሱ ስል ያሰብሁትንና የተከራከርሁትን ሁሉ አስታውሼ። ፒያሳ ሄጄ ፈለግሁት። ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሮለሩን ከክንዱ ሥር ይዞ ቆሟል። ያየሁትን ነገርኩት።

«ሐሰት ነው» አለኝ።

«በእጄ ነው የቀባሁት።»

«ምነው አንተም?» አለኝ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ና አሳየኝ።»

በሚኒባስ መጣን። እኅቴ መንበረ ከሥራ ተመልሳ ኖሮ ምድር ቤት በር ላይ አገኘችን፤ ፊታችንን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ተከተለችን። ዋኘው ተንበርክኮ ውሃ ጠብ አደረገ፤ መዳፉን በመሥመሩ ላይ ሳበው፣ ደጋግሞ ሳበው።

«ይኸ ሸጋ ይዟል» አለ። ወደኔ ቀና ሲል ግራ የገባው ሰው ፊት ነበር። «የኔ አልያዘም። ያው ፕራይመር፣ ያው ወለል።»

ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። የሄደ መስሎኝ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ጠራኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ እንደ ሥራ ባልደረባ ነው የጠራኝ። ከመንበረ ጋር ስወጣ ከግድግዳው ውጭ፣ ከውሃ መውጫዋ ቀዳዳ ሥር ተቀምጧል። ከቀዳዳዋ እስከ ድንጋዩ ድረስ፣ ድንጋዩንም አልፎ አፈሩ ላይ፣ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ተለጥፏል። ዋኘው በጥፍሩ ጫፉን አነሳውና ሳበው። እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ፣ እንደ ላስቲክ እየተለጠጠ፣ ትልቅ ሆኖ ወጣ።

«ይኸ የኔ ነው» አለ። «ይኸ ነው ሠላሳው ሊትር።»

«እንዴት እዚህ መጣ?»

«ራሱ አይሄድም። ሳይጠነክር ውሃ አፍስሰውበታል። ውሃው ነድቶ አወጣው።»

ያን ጊዜ ሁላችንም ቀና አልን። ከቀዳዳዋ በላይ ሚስማር ላይ ታችዋ በሚስማር የተበሳሳ ጣሳ ተሰቅላለች። በቤታችን ሲሚንቶ በተነካ ቁጥር አባቴ በዚያች ጣሳ ያጠጣዋል፤ እንዳይሰነጠቅ። ለግንቡም፣ ለደረጃውም፣ ለአጥሩም እንዲሁ አድርጓል። ለእሱ ወለል ላይ የሚቀባ ነገር ሁሉ ሲሚንቶ ነው። የዛሬ ልጆች ማጠጣት አያውቁም ይላል ዘወትር።

«እሱ ዘንድ ሥራ የገባሁ ዕለት መጀመሪያ ያስያዘኝ ይህችን ጣሳ ነው» አለ ዋኘው።

እኔ ግን ሌላ ነገር እያሰብሁ ነበር። አባቴ የዋኘውን ካጠጣ፣ የእኔን ምነው ሳያጠጣ ቀረ? እኔ የቀባሁት ያደረው በዚሁ ክፍል ነው።

ይህን ጮክ ብዬ ጠየቅሁ። መንበረ መለሰችልኝ፤ መልሷን እያወቀችው አልነበረም፤ እየተናገረች ነው የገባት።

«አባባ ጠዋት ከኪዳን ሲመለስ በጓሮ በር፣ በዚሁ በኩል ነበር የሚገባው» አለች። «ከእሑድ ወዲህ በፊት ለፊቱ ነው የሚገባው።»

ከእሑድ ወዲህ። ከወይራው ሥር ከተቀመጠ ወዲህ ማለት ነው።

በሕይወቴ በአባቴ ላይ እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም። ያጠጣው ባለማወቅ ነው፤ በዚያ ማንም አይከሰውም። ያቆመው ግን አውቆ ነው።

መንበረ እስጢፋኖስን በስልክ ጠራችው። ላይ ቤት ሳሎን ውስጥ ተሰበሰብን። አባቴ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበሩ ላይ ነው። ዋኘው በሩ ላይ ቆመ።

«ግባና ቁጭ በል እንጂ» አለው አባቴ።

«እዚሁ ይሻለኛል አያ መለሰ።»

ያንን የፕራይመር ቆዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አባቴ አየው፤ ዓይኑን አነሳ። ምን እንደሆነ አልጠየቀም። አለመጠየቁ ነው ያረጋገጠልኝ።

«ያጠጣሁት ለበጎ ነው» አለ።

«እሱን አልጠየቅንም» አልሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለመናገር ብዙ ደከምሁ። «ከእርስዎ ማጠጣት የተነሳ መሆኑን መቼ ነው ያወቁት?»

«ምን ልሁን ነው የምትለኝ?»

«መቼ ነው ያወቁት አባባ?»

ጋቢውን ሁለት ጊዜ አስተካከለ። «እሑድ» አለ። «ከሰዓት የቀባሁትን በማግስቱ አጣዋለሁ ሲል።»

«እዚያው ተቀምጠው?» አለች መንበረ። «እዚያው ዳኛ ሆነው ተቀምጠው፣ ‹ቢሳሳትም› ብለው፣ እሱን ይቅር ለእግዚአብሔር አስባሉት?»

«ሊሾዬ አይጠጣም ብዬ ተናግሬ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልመለስ?» አለ አባቴ። «ደግሞ እርቅ ወረደ። ማን ታሰረ? ማን ተከሰሰ?»

እስጢፋኖስ ቆዳውን ከጠረጴዛው አንስቶ በብርሃኑ አየው። «እንግዲያ ሂሳቡ ትክክል ነበር» አለ፤ ለራሱ ነው ያለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከአፉ አመለጠው። ግን እኔ በዚያ ቅጽበት ልመታው እችል ነበር።

«ትክክል ነበር» አለው ዋኘው። «ሰውየውም ትክክል ነበር።»

እስጢፋኖስ ተነስቶ ወደሱ ሄደ፤ «ዋኘው፣ በድዬሃለሁ» አለው። «ነገ አዲስ ፕራይመር አመጣለሁ። ወለሉን አንተ ትጨርሰዋለህ። ያሰብኸውን ክፍያ ንገረኝ፤ አልከራከርህም።»

«ይኸው» አለ አባቴ፣ ፊቱ ፈታ እያለ። «ሸጋ ነገር ነው። እኔም በድያለሁ ልጄ፤ ይቅር በለኝ። እዚሁ እንጨርሰው።»

«እዚሁ?» አለ ዋኘው።

«አዎ፣ እዚሁ በቤት።»

«ሌባ የተባልሁት በቤት ነው አያ መለሰ?»

አባቴ ወደ መንበረ ዞር አለ።

«ፒያሳ ላይ ነው የተባልሁት። ወይራው ሥር ነው የጸደቀብኝ፤ እርስዎ ነዎት ያጸደቁት። እሑድ እዚያው ይንገሯቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እዚያማ እንዴት ይሆናል?» አለ አባቴ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ መሰለኝ፤ የእርቁ ሽማግሌ አይደለም፣ ያረጀ ሰው። «ስንት ዓመት የተቀመጥሁበት ቦታ ነው። ይህን ካልሁ በኋላ ማን ለሽምግልና ይጠራኛል?»

«እኔንስ ማን ለሥራ ይጠራኛል?»

መንበረ «አባባ፣ ይንገሯቸው እንጂ» አለች። አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ዋኘው በእጁ ከለከለኝ፤ ጉዳዩ የእኔ አልነበረም። ሮለሩን ከክንዱ ሥር አውጥቶ ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«እንግዲያ እኔው እነግራቸዋለሁ» አለ፤ አልጮኸም። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይራው ሥር እቆማለሁ። እርቁን አፍርሻለሁ እላለሁ። ምነው ካሉኝ ወለሉ አልጠጣም እላቸዋለሁ፤ ማን እንዳጠጣው አያ መለሰን ጠይቁ እላለሁ።»